ያልተለቀመው ዳር

በሁሩሙ አንድ ባለ ቡና ሽማግሌ ነበሩ አሉ። ጫካቸው ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ገባ ወንዝ ይወርዳል። በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር የቆመውን ቡና በመስመር የተከለው ማንም የለም፤ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የጫካ ቡና ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሥሩ ይመነጠራል፤ ጥቅምት ሲገባ ፍሬው ይቀላል፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በአካባቢው ጣቱ ያልተጣበቀ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ሽማግሌው ከአባታቸው የወረሷቸው ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። በእግር መንገዱ ዳር ያለውን ቡና አያስለቅሙም። አንድ ጊዜ ወደ ተለቀመ ዛፍም ለቃሚ መልሰው አይልኩም። ከቅጠል ሥር ተደብቆ ያመለጠው፣ ዘግይቶ የሚቀላው፣ ከቅርጫት የተንጠባጠበው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለቃሚው በኪሎ የሠራበትን ተቀብሎ ሲሄድ ሽማግሌው የአጥሩን መዝጊያ እንጨት አንሥተው ያስቀምጡና ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። ያን ጊዜ ቃራሚው ይመጣል፤ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወላጅ የሌለው ልጅ፣ መሬት ያልደረሰው ጎረምሳ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ።

«በቀን ለምን ይተኛሉ?» ብለው የሚጠይቋቸው ነበሩ።

«ባለቤት ቆሞ ሲያየው የቃራሚ እጅ ይፈራል» ይሏቸዋል። «ደግሞም ካየሁ እቆጥራለሁ። ከቆጠርኩ ይቆጨኛል።»

ሽማግሌው ሞቱና ጫካው ለልጃቸው ሆነ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። የግብርና ትምህርት የተማረ፣ ሥራ የሚወድ፣ ለሰው የሚያዝን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከለቀማ በኋላ ጫካውን ዞረና ያየው ነገር አናደደው። በየዛፉ ፍሬ ቀርቷል፤ በየሥሩ ፍሬ ወድቋል። ቃራሚዎቹ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው እሾህ ውስጥ ይርመጠመጣሉ። የለቀሙትን መሬት ላይ ያሰጡታል፤ ነጋዴው ደግሞ «አፈር አፈር ይላል» ብሎ በርካሽ ይወስድባቸዋል።

«ይህ ለማን ይጠቅማል?» አለ። «ለእኔ ኪሳራ፣ ለእነሱ ልፋት፣ ለቡናው ውርደት።»

ስለዚህ ሥርዓት አወጣ። ለቀማው ሦስት ዙር ሆነ። በመጀመሪያው ቀዩ፣ በሁለተኛው ዘግይቶ የቀላው፣ በሦስተኛው ከላይም ከታችም የቀረው ሁሉ ይለቀማል። የመንገዱ ዳር ቡናም አልተማረ። የወደቀውም ተጠርጎ ተሰበሰበ። ሁሉም በሽቦ አልጋ ላይ ደርቆ ተቀሸረ። ከዚያ የቃራሚዎቹን ስም በመዝገብ ጻፈና በየወሩ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጣሳ የተቀሸረ ቡና በአጥሩ በር ላይ ይሰፍርላቸው ጀመር።

ሰዉ መረቀው። «እሾህ ሳይወጋን፣ ጉንዳን ሳይነክሰን፣ ቡናችን ተቀሽሮ መጣልን» አሉ። እውነትም በዓመቱ ሲሰላ ጣሳው ከቃርሚያው በለጠ እንጂ አላነሰም። ቀስ በቀስ ግን ጫካውን የሚያውቅ ሰው እያነሰ መጣ። እናቶቻቸውን ተከትለው ይገቡ የነበሩ ልጆች የትኛው ዛፍ ቀድሞ እንደሚቀላ፣ ጉሬዛ የት እንደሚያድር፣ ከዝናብ በኋላ የትኛው ቀጭን መንገድ እንደሚያዳልጥ መለየት ተዉ። የሚያውቁት የመስፈሪያውን ጣሳ ሆነ። ሞልቶ ተሰፈረ፣ ጎድሎ ተሰፈረ፣ ወሬያቸው ይኸው ነው።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ባልቴት ጣሳውን አልቀበልም አሉ። እኚህ ሴት በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ካስነሣቸው የወሎ ሰዎች ጋር በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር የመጡ ናቸው። ሲመጡ ቡናን ከጀበና እንጂ ከዛፍ አያውቁትም ነበር። ያወቁት በዚያ ጫካ፣ በቃርሚያ ነው።

«ጣሳውን ለሌላ ሰው ስጥልኝ፤ እኔን ጫካ አስገባኝ» አሉት።

«አዴ፣ ምንም የቀረ የለም እኮ። ሦስት ጊዜ ነው ያስለቀምነው።»

«እሱን ገብቼ ልየው።»

«እሾህ ይወጋዎታል። ድርሻዎን በእጅዎ እየሰጠሁዎት ጫካ ምን ያስገባዎታል?»

«አንተ የምትሰጠኝማ የአንተ ነው። እኔ የምፈልገው የራሴን ነው።»

ሰልፍ ላይ የቆሙት ሁሉ ተቆጧቸው። «አርፈው ይቀበሉ! ለእኛም ሊያስቀሩብን ነው!» አሉ። ልጁ ሰልፉን አየ፤ ሴትየዋን አየ፤ ብቻቸውን ናቸው። አባቱ ትዝ ብለውት እንደሆነ እንጃ፣ የአጥሩን እንጨት አነሣላቸው።

ባልቴቷ ገብተው ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት ሁለት እፍኝ አይሞላም።

«ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ?» አላቸው፤ በክፋት አልነበረም።

«ተከተለኝ» አሉት።

መጀመሪያ የወሰዱት ከዓመታት በፊት ነፋስ ጥሎት የሻገተ የዋንዛ ግንድ ዘንድ ነው። ከግንዱ ጀርባ ሐረግ የለበሰች አንዲት የቡና ዛፍ ቆማለች፤ ቅርንጫፎቿ አሁንም ቀይ ናቸው። በልጁ መዝገብ ውስጥ የለችም።

«ለቃሚዎችህ በዚህ በኩል ሦስት ጊዜ አልፈዋል» አሉት። «አይፈረድባቸውም። በኪሎ የሚከፈለው ሰው ዓይኑ የሞላው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቃራሚ ግን ሰው ያለፈውን ነው የሚፈልገው። ለቃሚ በእጁ ያያል፣ ቃራሚ በዓይኑ ይለቅማል።»

«ታዲያ ካገኟት ለምን አልጨረሷትም?»

«ነገ ሌላ ቃራሚ ቢመጣስ?»

ቀጥለው ወደ መንገዱ ዳር ወሰዱትና «እግርህን አስተውል» አሉት። አባቱ ሳያስለቅሙት ይተውት በነበረው ቡና ሥር ጉልበት የደረሰ ችግኝ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል።

«ይህን ማን ተከለው?»

«ማንም፤ ወፍ ዘራሽ ነው» አለ።

«ወፍም ብትሆን የምትዘራው የተረፈውን ነው። ይህ አባትህ ያልለቀሙት ፍሬ ነው።»

ከዚያ ወደ ጫካው መሐል መለሱት። መሬቱ የተጠረገ ነው። የቆሙት ቡናዎች አርጅተዋል፤ ከሥራቸው ግን አንድም የዘንድሮ ቡቃያ የለም። ልጁ የተማረው ትምህርት ያን ጊዜ መጣለት። የጫካ ቡና የሚተካው ከራሱ በወደቀ ፍሬ ነው። ፍሬው ሙልጭ ብሎ የሚሰበሰብበት ጫካ ለዛሬ ሙሉ ምርት ይሰጣል፤ ዛፎቹ ሲያልቁ ግን ተተኪ የለውም።

«እሺ፣ ስንት ልተው?» አለ። «ከመቶ ስንት እጅ? ይንገሩኝና ልጻፈው።»

ባልቴቷ ሳቁ። «ለክተህ የተውክልኝ እንደሆነማ ያው ጣሳ ነው» አሉት።

ልጁ መዝገቡን አልቀደደውም። ጉልበታቸው ለደከመ፣ ተዳፋቱን መውረድ ለማይችሉ ሰዎች ጣሳው ቀጠለ። በዓመቱ ግን የመጀመሪያው ለቀማ እንዳለቀ የአጥሩን እንጨት አንሥቶ ቤቱ ገባና ጋደም አለ። እንቅልፍ አልወሰደውም ይባላል፤ መተው እንዲህ በአንድ ዓመት የሚለመድ ነገር አይደለም።

ፍቺው ይህ ነው። ጫካው ኦሪት ነው። ለቃሚዎቹ ሊቃውንት ናቸው። ጣሳው ተዘጋጅቶ የሚሰፈር ትርጓሜ ነው። ቃራሚዋ ተማሪ ናት።

አይሁድ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው፣ በየቅዳሜው በምኵራብ እያነበቡ በዓመት ይጨርሷቸዋል። ዘዳግም ባለቀበት በዚያው በዓል ዘፍጥረት ይጀመራል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዕለቱ ምንባብ ከግጻዌ እንደሚወጣ፣ እነርሱም የሳምንቱ ክፍል ቀድሞ የታወቀ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ልማድ አለ። ኦሪትን የሚያጠና ተማሪ የሳምንቱን ክፍል አንብቦ የራሱን እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ 13 ዓመት ሞልቶት ለአቅመ ትእዛዝ የደረሰ ልጅም በጉባኤው ፊት ይናገራል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሊቁ ራሺ በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ ኦሪትን ቁጥር በቁጥር ፈትቶታል። ሌላው ሊቅ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ሕጉን ሁሉ በሥርዓት አሰናድቶታል። ከእነርሱ በፊትም በኋላም የመጡት አይቆጠሩም። ሦስት ዙር አይደለም፣ ሺህ ዙር ተለቅሟል። ለአንድ ተማሪ ምን ተረፈ?

መልሱ ከሚነበበው ክፍል ውስጥ ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይሰበስብ፣ ለድሃና ለእንግዳ እንዲተወው ታዟል። ትእዛዙ በምዕራፍ 23 ይደገማል። በዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ የተረሳ ነዶ፣ በወይራውና በወይኑ ላይ የቀረ ፍሬ ይጨመርበታል። ይህን ያዘዘ መጽሐፍ ራሱ ሙልጭ ተደርጎ ይለቀማል ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል።

በ200 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ለእርሻ ዳር ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቶታል። ክፍሉ የሚጀምረው ልክ ያልተቆረጠላቸውን ነገሮች በመዘርዘር ነው። ዝርዝሩ በእርሻ ዳር ይከፍታል፤ በኦሪት ጥናት ይዘጋል። ወረድ ብሎም ዳሩ የሚሰጠው ከነአገዳው ቆሞ ሳለ እንደሆነ ይናገራል፤ ባለቤቱ አጭዶ አያከፋፍልም። ከዚህ የተለየው እንደ ተምር ዛፍ ያለው፣ ሲወጡበት አደጋ ያለው ብቻ ነው፤ እርሱን ባለቤቱ አውርዶ ያካፍላል። በቆመው እህል ግን ዘጠና ዘጠኝ ድሆች «ይከፋፈልልን» ቢሉና አንዱ «ራሳችን እንውሰድ» ቢል፣ የሚሰማው የአንዱ ቃል ነው። ሚሽናውን የጻፉት ረቢዎች ከዘጠና ዘጠኙ ወገን ሆነው ቢፈርዱ ኖሮ ቸር በተባሉ ነበር። ቸርነት ግን መብትን አይተካም አሉ። ስለዚህ ሁሉን አብራርቶ፣ ጥያቄውንም መልሱንም ሰፍሮ የሚሰጥ መምህር እንደ ወራሹ ልጅ አዛኝ ሊሆን ይችላል። የወሰደው ግን የእንግዳውን ድርሻ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በጎንደርና በትግራይ ኦሪትን በግዕዝ በብራና ጽፈው ይዘው ኖረዋል። ቄሱ ያነበው፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛም ይፈታው ነበር። ሚሽናም ራሺም አልደረሷቸውም። ባልቴቷ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር በመጡበት በዚያው በ1977 ዓ.ም.፣ በእግር ወደ ሱዳን የወጡ ቤተ እስራኤል ኦፕሬሽን ሙሴ በተባለው ዘመቻ ወደ እስራኤል ይጓዙ ነበር። እዚያ የጠበቃቸው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተቀሽሮ ያለቀ ትርጓሜ ነው። ልጆቻቸው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ያንን ተማሩ፤ መማራቸውም መልካም ነው። ቄሶቻቸው ግን ትዳር የማስፈጸም ሥልጣናቸውን አጡ፤ ሕዝቡም አይሁድነቱ ተጠርጥሮ ለመንጻት እንዲጠመቅ ተጠየቀ። ለዘመናት ጫካው ውስጥ የኖረን ሰው በሩ ላይ አሰልፎ ጣሳ መስጠት ማለት ይህ ነው። ኋላ ከቤተ እስራኤል ልጆች መካከል ራሳቸው ረቢ የሆኑ ተነሥተዋል። ከእነርሱ አንዱ ረቢ ሻሮን ሻሎም የቤተ እስራኤልን ልማድና የረቢዎቹን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጦ መጽሐፍ ጽፏል።

እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ያደገ ተማሪ ምን ሊያገኝ እንደሚችል አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዘጸአት ምዕራፍ 13 ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ የዮሴፍን አጥንት ይዞ ወጣ። ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተብሏል፤ ዮሴፍ ወንድሞቹን ስላስማላቸው፣ ሕዝቡ ወርቅና ብር ሲሰበስብ ሙሴ አጥንት ስለመፈለጉ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ቤተ እስራኤል ወደ 4,000 ይገመታሉ። አያቷ በዚያ መንገድ የቀረችባት ተማሪ ይህን ቁጥር ስታነብ የምትጠይቀው የተያዘውን አጥንት አይደለም፤ በዚያ ሌሊት ሳይያዝ የቀረውን የተራውን ሕዝብ አጥንት ነው። የፈረንሳዩ ራሺ የዮሴፍ ወንድሞች አጥንት አብሮ መውጣቱን ጠቅሶ የቀረውን ሕዝብ አጥንት ቢያልፈው አይፈረድበትም። በእርሱ በኩል ዓይን የሚስብ ቅርንጫፍ አልነበረም።

ይህ ሲባል ግን የተሰማኝን ሁሉ ልናገር ማለት አይደለም። ቃራሚ ጫካ ይገባል፤ እሾህ ይወጋዋል፤ ለቃሚዎቹ የት የት እንዳለፉ ካላወቀ ያልተለቀመውን አይለይም። ከገበያ የገዛውን ፍሬ በነጠላው ቋጥሮ «ከጫካው አገኘሁ» የሚል ሰው ቃራሚ አይባልም። ከቁጥሩ የሌለውን በቁጥሩ ላይ የሚጭን ተማሪም እንዲሁ ነው። መምህሩም በሩን ከፍቶ መሄዱ ብቻ አይበቃውም። በኢትዮጵያ ኦሪት ከአምስቱ መጻሕፍት ጋር ተጠርዞ በሚገኘው በመጽሐፈ ሩት፣ ባለ እርሻው ቦዔዝ ሠራተኞቹን ለቃራሚዋ ለሩት ከነዶው እየመዘዙ ሆነ ብለው እንዲጥሉላት አዝዟል። ለእርሷ ግን አልነገራትም። ሞዓባዊቷ ሩት ማታ የወቃችው በገዛ ዓይኗ ያገኘችውን ነው፤ የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት ለመሆን የበቃችውም ከዚያ እርሻ ተነሥታ ነው።

የረቢዎቹ ሕግ አንድ ነገር ይጨምራል። ድሃ ራሱ ቁራጭ መሬት ቢኖረው፣ ድሃ ነኝ ብሎ ከትእዛዙ አያመልጥም፤ የራሱን ዳር ለሌላው ድሃ ይተዋል። ዘንድሮ የሳምንቱን ክፍል አንብቦ የራሱን የጻፈ ተማሪም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ እርሻ ነው። የተናገረውን አጥብቆ ይናገር፤ የመጨረሻው ቃል አድርጎ ግን አይዝጋው። በሚመጣው ዓመት ያንኑ ክፍል የሚያነብ ከእርሱ የሚያንስ ልጅ አለ።